ፍጥሞ ለመሳለም ነው ለመዋኘት?

ወስኛለሁ። መስከረም ላይ ፓትሞስ እሄዳለሁ። እኛ ፍጥሞ የምንላት፣ ዮሐንስ ራእዩን ያየባት ደሴት። አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ከአቴና ወደብ ከፒሬዎስ በመርከብ ሰባት ስምንት ሰዓት ይፈጃል፤ ብዙ ጊዜም መርከቡ የሚያራግፈው በእኩለ ሌሊት ነው። ይሄ ሁሉ አያስጨንቀኝም። የሚያስቸግረኝ ለምን እንደምሄድ ለሰው ማስረዳቱ ነው፤ ምክንያቴ ባሕሩ ነዋ።

"ፍጥሞ ልሄድ ነው" ስል የሁሉም ሰው ፊት ይበራል። ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንዲት እትዬ እጄን ጥብቅ አድርገው ይዘው "ታድለሽ የኔ ልጅ! ጠበል ካለ ይዘሽልኝ ነይ፣ ካልተገኘም ከአፈሩ ቆንጠር አርጊልኝ" አሉኝ። እማዬ ስልክ ላይ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ከዚያ እኔ አላርፍም፣ "እግረ መንገዴንም እዋኛለሁ" አልኩ። ዝም አለች። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለቴ አሎ አልኩ። "እዚያ ቦታ?" አለች በመጨረሻ። አዎ እማዬ፣ እዚያ ቦታ። ደሴት እኮ ነው፤ ዙሪያውን ውሃ ነው።

እውነቱን እዚህ ልጻፈው፦ እግረ መንገዴን የምሳለመው ነው እንጂ የምዋኘው አይደለም።

አቴና ባሕር የለም ወይ ለሚለኝ፣ አለ። በረፖዬ፣ በዕረፍት ቀኔ ማለት ነው፣ ትራም ይዤ ቩላ የባሕር ዳርቻ ድረስ እወርዳለሁ። ግን እሁድ ቩላ መሄድ መርካቶ መሄድ ነው። አንዱ ሙዚቃ ከፍቷል፣ ሌላው ኳስ ይለጋል፣ የቡና ቤቱ ልጅ መጋደሚያ ወንበሩ ስንት እንደሆነ ሊነግርህ ይመጣል። ፎጣ የምታነጥፍበት ቦታ ራሱ ጠፍቷል። ይሄ የኔ ብቻ ብሶት አይደለም። በ2023 በጋ ፓሮስ ደሴት ላይ ነዋሪዎቹ ፎጣቸውን ይዘው ሰልፍ ወጥተው ነበር፤ ዳርቻው የሕዝብ ነው፣ ወንበር የደረደራችሁበትን ቦታ ልቀቁልን ብለው። ነገሩ ወደ ሌሎች ደሴቶችም ተዛመተ። እኔ ያኔ በቴሌቪዥን እያየሁ ከኪሪያዬ ጋር አጨበጨብኩ። (ኪሪያዬ የማስታምማቸው አሮጊት ናቸው። መንግሥትን መቃወም እስከሆነ ድረስ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁም ያጨበጭባሉ።)

ስለዚህ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። ግራና ቀኙን አለት ያቀፈው፣ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ዳርቻ። የሚያስጠልል አንድ ዛፍ። ጠለቅ ሳይል ብዙ የሚያስኬድ ውሃ፤ ዋና ተማርኩ እንጂ ዋናተኛ አይደለሁማ፣ የደጋ ሰው ነኝ። ሙዚቃ የሌለበት።

ፓትሞስ ደግሞ ለዚህ የተሠራች ናት። ካርታዋን ያየ ሰው የተቀዳደደ ወረቀት ነው የሚመስለው። ስፋቷ ሠላሳ አራት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሰዉ ሦስት ሺህ ገደማ፣ ዳርቻዋ ግን እየገባ እየወጣ አያልቅም። ማታ ማታ ኪሪያዬ ከተኙ በኋላ ስልኬ ላይ ካርታውን እያሰፋሁ እያጠበብኩ በእያንዳንዱ ጎድጓዳ ውስጥ ገብቼ ወጥቻለሁ።

ሰው ሁሉ የሚያወራላት ፕሲሊ አሞስ ናት። ደቡቡ ላይ ነች፣ አሸዋዋ ደቃቅ ነው። በበጋ ጠዋት ስካላ ከምትባለው የወደብ ከተማ ጀልባ ይወስዳል፣ ከሰዓት በኋላ ይመልሳል። ጀልባ ያልፈለገ ዲያኮፍቲ ድረስ በመኪና ሄዶ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ኮረብታውን ያቋርጣል። አንድ ታቨርና፣ ምግብ ቤት፣ አለ፤ አርሚሪኪ የሚሏቸው ጨው የማይገድላቸው ዛፎች አሉ። በቃ ይቺ ናት ብዬ ተነስቼ ነበር። ኋላ ሳነብ ለካ ዳርቻው ጫፍ ላይ ልብስ የማይለብሱ ሰዎች ናቸው የሚሰፍሩት። እኔ ማንንም አልከለክልም፣ ግን ፍጥሞ ሄጄ ያየሁትን ለእትዬ ስተርክ ይሄን የት ላይ አስገባዋለሁ? በሌላኛው ጫፍ እቀመጣለሁ ብያለሁ፣ ፊቴን ወደ ባሕር አድርጌ።

ሰሜን ላይ ላምቢ አለች። አሸዋ ሳይሆን ጠጠር ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ፣ መስመር ያለው፣ ነጠብጣብ ያለው። ጠጠሩን ይዞ መሄድ አይፈቀድም። ጥሩ፣ ለሚጠይቁኝ ሰዎች ሁሉ መልስ ተገኘ። ችግሯ ፊቷ ወደ ሰሜን መሆኑ ነው፤ ሜልቴሚ የሚሉት የበጋ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ የሚመጣው በእሷ በኩል ነው። ቫያ የምትባል ደግሞ አለች፣ ጸጥ ያለች፣ ውሃዋ ከደሴቲቱ ሁሉ ይቀዘቅዛል የሚሏት። መቀዝቀዙ ሰው ካባረረልኝ ችግር የለብኝም፤ እኔ ያደግኩት ጠዋት ጠዋት በቀዝቃዛ ውሃ ፊቴን እየታጠብኩ ነው።

ከሁሉ ልቤን የሳበችው ግን ግሪኮስ ከሚባለው መንደር አጠገብ ያለችው ፔትራ ናት። ዳርቻው ላይ ካሊካትሱ የሚሉት ትልቅ አለት ቆሟል። አለቱ ውስጥ በእጅ የተፈለፈሉ ክፍሎችና ደረጃዎች አሉ። ጥንት ባሕታውያን ይኖሩበት ነበር ይባላል። ፎቶውን ለጓደኛዬ ሳሳያት "ይሄ ላሊበላ ነው እንዴ?" አለች። አይደለም፣ ግን ገብቶኛል ምን እንዳየች። ከዋና ወጥቼ ጨው በደረቀበት ሰውነቴ እዚያ አለት ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ዳቦና ቲማቲም መብላት እፈልጋለሁ። ያን ያህል ነው እቅዴ።

ስለ ቀኑ ብዙ አሰብኩ። ኦገስት አይታሰብም። ኦገስት 15 የእመቤታችን በዓላቸው ነው፣ ግሪክ የተባለ ሁሉ ወደ ደሴት ይተማል፣ መርከቡ ላይ መቆሚያ የለም። ደግሞም ለእኛ ፍልሰታ ነው፣ ጾም ይዤ ቢች ላይ አልጋደምም፣ እንዲያ ያለ ድፍረት የለኝም። ሴፕቴምበር ሲገባ ነፋሱ እየረገበ ይሄዳል፣ ሰው ይበተናል፣ የክፍል ዋጋ ይወርዳል፣ ውሃው ግን በጋውን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ገና አልለቀቀም።

ከዚያ አንድ ነገር አየሁ። የግሪክ ቤተ ክርስቲያን ዮሐንስን የምታከብረው ሴፕቴምበር 26 ነው፤ ፓትሞስ ላይ ያን ቀን ትልቅ በዓል ነው። በእኛ ደግሞ ያው ቀን መስከረም 16 ይውላል፣ ደመራ። (የእኛ የዮሐንስ ወልደ ነጎድጓድ በዓል ጥር 4 ነው፣ ጥር ላይ ማን ይዋኛል?) እንግዲህ ጠዋት በዓላቸውን አከብራለሁ፣ ከሰዓት እዋኛለሁ፣ ማታ አዲስ አበባ ደመራው ወዴት እንደወደቀ ቤተሰብ ይደውልልኛል። ለእማዬ ይሄን ስነግራት "እንዲያማ ከሆነ" አለች። እንዲያማ ከሆነ ማለት ፈቀደች ማለት ነው።

ገዳሙ ተራራው አናት ላይ ነው፣ ኾራ በምትባለው ነጭ መንደር መሀል። ኦስዮስ ክሪስቶዱሎስ የሚባል መነኩሴ ከቢዛንታይኑ ንጉሥ ከአሌክስዮስ ቀዳማዊ ደሴቲቱን ተቀብሎ በ1088 የመሠረተው ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ምሽግ ነው የሚመስለው፣ የባሕር ወንበዴ ይመጣ ስለነበር። ዮሐንስ ራእዩን ያየበት ዋሻ ደግሞ ከስካላ ወደ ኾራ ሲወጣ መሀል መንገድ ላይ ነው። ጣሪያው ላይ አለቱ ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል፣ ድምፁ የመጣው በዚያ በኩል ነው ይላሉ። ዮሐንስ ራሱን ያሳረፈበት ጎድጓዳ፣ ሲነሳ በእጁ የተደገፈበት ሌላ ጎድጓዳ አለ። ነጠላዬን እይዛለሁ። አንድ ነጠላ ለዋሻውም ለቢቹም ይበቃኛል ብዬ ነበር፣ እትዬ ሰምተው ቁጣቸው ሌላ ሆነ። ሁለት እይዛለሁ።

ዮሐንስን ሳስበው ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። እዚህ ደሴት ለሽርሽር አልመጣም፤ ተግዞ ነው። ራእዩ መጨረሻ ላይ አዲስ ሰማይና አዲስ ምድር አየ፣ ባሕርም ከእንግዲህ የለም አለ። ሊቃውንቱ ሌላ ሌላ ትርጓሜ አላቸው፣ አልገባበትም። እኔ የማስበው ግን በየቀኑ ከዋሻው ወጥቶ ውሃውን ሲያይ፣ ከወገኑ የለየው ያ ውሃ መሆኑን ነው። ባሕር ባይኖርስ የሚል ሰው አውቃለሁ። አብራኝ ነው የምትኖረው።

ጓደኛዬ በኢዝሚር በኩል ነው የመጣችው፣ በሌሊት፣ በላስቲክ ጀልባ፣ ሳሞስ ነው የወጣችው። ሳሞስ ከፓትሞስ በስተሰሜን ናት፣ ሰማዩ ሲጠራ ተራራዋ ይታያል። ቩላ አብረን ስንሄድ ጫማዋን አታወልቅም። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጀርባዋን ለውሃው ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ትራሙ ሐዲድ አዙራ ሱፍ ትፈለፍላለች። ቅርፊቱን በሶፍት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። እኔ ስዋኝ አንዴም ዞራ አታይም፣ ግን ትንሽ ከቆየሁ ስሜን ትጠራለች።

ይሄ ባሕር ለኛ ሰው እንደዚህ ነው። በ2013 ኦክቶበር 3 ላምፔዱዛ ደጃፍ ላይ ከሦስት መቶ ስልሳ በላይ ሰው ሲያልቅ፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ፣ እኔ አገር ቤት ሆኜ ነው የሰማሁት። ከዚያ በኋላ ሜዲትራኒያን የሚለውን ስም ከለቅሶ ጋር ነው የማውቀው። ፈረንጅ ሲሰማው የበጋ ዕረፍት ነው የሚታየው። እዚያው ውሃ ላይ ፎጣ አንጥፌ ልጋደም ስል አንዳንዴ ይከብደኛል። ግን ደግሞ፣ ባሕሩ ለነሱ መደሰቻ ለእኛ መሞቻ ብቻ ይሁን ያለው ማነው? ዓመት ሙሉ ሰው አነሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ አጎርሳለሁ። ወገቤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው የማይጠዘጥዘኝ። መዋኘት አለብኝ።

ጣሊያንም እዚህ ነበረች ለካ። ከ1912 ጀምሮ እነዚህን የዶዴካኒሳ ደሴቶች ይዛ ነበር፣ ፓትሞስን ጨምሮ። ለግሪክ የለቀቀችው በ1947ቱ የፓሪስ ውል ነው፤ ለኢትዮጵያም ሃያ አምስት ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትከፍል የተወሰነው በዚያው ውል ነው። ለኪሪያዬ ስነግራቸው "ታዲያ ዘመዳሞች ነን" ብለው ሳቁ። ደሞዝ ላይ ግን ዝምድናው አይታይም።

ከሳቸው ጋር የማልስማማው ምግብ ላይ ነው። እኔ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። እሳቸው ደግሞ ደሴት ሄደሽ ኦክታፖዲ ሳትበዪ እንዳትመጪ ይላሉ፣ ደም የለውም፣ የጾም ነው እያሉ። ግሪኮች ስምንት እግር ያለውን ያን ፍጥረት በገመድ አስጥተው፣ ጠብሰው፣ በጾም ይበሉታል። ቢፈቀድልኝም አልበላው። ሽሮ ይዤ እሄዳለሁ፣ ኩሽና ያለው ክፍል ነው የያዝኩት።

የመኖሪያ ካርዴን በላስቲክ ጠቅልዬ በአንገት ቦርሳ እይዘዋለሁ። በሕግ ግሪክ ውስጥ የፈለግኩበት ብሄድ ከልካይ የለኝም። ግን ቱርክ ቅርብ ናት፣ ቆዳዬ ጥቁር ነው፣ ከመርከብ በሌሊት የሚወርደውን ሰው ሁሉ አይጠይቁም፣ እኔን ይጠይቁኛል። ስለዚህ የመርከቡ ትኬት፣ የክፍሉ ማረጋገጫ፣ ካርዱ፣ ሦስቱም በአንድ ላይ። ፈረንጁ ፎጣና መነጽር ይዞ ይወርዳል፣ እኔ ማኅደር ይዤ።

የቀረኝ በኔ ቦታ ኪሪያዬን የሚያይ ሰው ነው። ልጃቸው እስካሁን "እናያለን" እያለ ነው። አንዲት የአገሬ ልጅ ተገኝታለች፣ ኪሪያዬ ግን ቡና አፈላልሷን ሳያዩ አልቀበልም ብለዋል። ቅዳሜ መጥታ ታፈላለች።

ጓደኛዬን እንሂድ ብያታለሁ። መጀመሪያ ሳቀች። በነጋታው "መርከቡ ትልቅ ነው?" አለችኝ። ትልቅ ነው፣ ከባድ መኪና ሁሉ ይጭናል አልኳት። ከዚያ ሳምንት ሙሉ አላነሳችውም። ትኬቱን ሰኞ እቆርጣለሁ፣ መርከበኞቹ አድማ ካልመቱ። አንድ ይሁን ሁለት ገና አልታወቀም። ትናንት ማታ ግን ዕቃ እያጠበች፣ ዞር ሳትል፣ መስኮት የሌለው ካቢን ይኖር እንደሆነ ጠየቀችኝ። አለ። እሱ ደግሞ ርካሹ ነው።