ኢ. ኮላይን ላክቴት እንድትሰጥ ማስገደድ፦ ሁለት ጂን አጥፍተን ሞዴሉ ለምን ንቅንቅ አላለም?

ደሴም ኮምቦልቻም ሆናችሁ ይህን ሥራ ለጀመራችሁ፣ የላክቴት ዲዛይናችን አሁን በጂን ደረጃም ስለያዘ የደረስንበትን እናካፍላችሁ። ግቡ ባክቴሪያዋ (ኢ. ኮላይ) ላክቴት፣ ማለትም የላክቲክ አሲድ ጨው፣ ሳታወጣ ማደግ እንዳትችል ሌሎች መውጫዎቿን መዝጋት ነው፤ የትኞቹ እንደሚዘጉ የምንፈልገው የባክቴሪያዋን ሪአክሽኖች በሚያሰላ የኮምፒውተር ሞዴል ነው።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። ፓይተን፣ ኮብራፓይ (እንዲህ ያሉ ሞዴሎችን የሚያሰላ የፓይተን ጥቅል)፣ አብሮት የሚመጣው ትንሹ የኢ. ኮላይ ሞዴል (95 ሪአክሽን፣ 137 ጂን) ይበቃል። የሚገባውን ግሉኮስ 10 (ሚሊሞል በአንድ ግራም ደረቅ ክብደት በሰዓት፤ የላክቴቱም መለኪያ ይኸው ነው)፣ ኦክስጅን ዜሮ አድርጉ። ምንም ሳይጠፋ እድገቱ በሰዓት 0.21 ገደማ ይወጣል፤ 0.87 ካያችሁ ኦክስጅኑ አልተዘጋም። 2712 ሪአክሽን ያለውን ትልቁን ሞዴል ኔትወርክ በተገኘ ቀን አውርዳችሁ አስቀምጡት እንጂ በእሱ አትጀምሩ፤ ውጤቱ ሲበላሽ ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ነው።

ዋናው ችግር እዚህ ጋ ነው። ኦክስጅን ከሌለ ግሉኮስ ሲሰበር የተጠራቀመው ኤንኤዲኤች (ኤሌክትሮን ተሸካሚ ሞለኪውል) ኤሌክትሮኑን ማራገፍ አለበት። የኢታኖሉንና የአሲቴቱን መንገድ በሪአክሽን ደረጃ ስትዘጉ ሸክሙ ወደ ላክቴት ይዞራል፣ ዲዛይኑም ይሠራል። ያንኑ በጂን ደረጃ፣ ኤድኤችኢ (ቢ1241) እና ፒቲኤ (ቢ2297) የተባሉትን ጂኖች በማጥፋት (በቅንፍ ያለው ጂኑ በሞዴሉ ውስጥ ያለው መለያ ነው) ስትሞክሩት ግን እድገቱ ያው 0.21፣ ዝቅተኛው ላክቴትም (ባክቴሪያዋ በዚያ እድገት የግድ የምታወጣው መጠን) ያው ዜሮ ነው።

ሶልቨሩ (ስሌቱን የሚፈታው ፕሮግራም) አልተሳሳተም። ሪአክሽኑን ከጂን ጋር የሚያያይዘውን ደንብ አትሙና እዩት፦ አሲታልዲሃይድ የሚሠራው በቢ0351 ወይም በቢ1241 ነው፤ የአሲቴቱ ደግሞ በቢ2297 ወይም በቢ2458። አንዱ ቢጠፋ ተተኪው አለ፤ ስለዚህ ሞዴሉ አራት ጂን ይጠይቃል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ግን የሁለቱ ጂኖች መጥፋት ላክቴት እንደሚያስገኝ በ2005 በታተመ ሥራ ታይቷል። ልዩነቱ የመጣው ሞዴሉ ጂን ሁሉ ሁልጊዜ እንደበራ ስለሚቆጥር ነው። ቢ2458 የሚበራው ኢታኖላሚን ሲኖር ነው፤ ቢ0351 ያለበት የጂን ስብስብም እንዲበራ አሮማቲክ ውህድ ይፈልጋል። ግሉኮስ ብቻ ባለበት ሚዲየም ሁለቱን ከደንቡ ማውጣት ይቻላል፤ ስታወጡ ግን ምክንያቱን ኮዱ ላይ ጻፉ፣ ሚዲየሙ ሲቀየር ደንቡም ይቀየራልና። በእኛ እምነት ፍለጋው በሪአክሽን ደረጃ መጀመር አለበት፤ ወደ ጂን መተርጎም ያለበት ግን ሰው ነው፣ ደንቡን እያነበበ።

ኦፕትኖክ (የሚጠፉ ሪአክሽኖችን የሚፈልግ በ2003 የታተመ ዘዴ) ያወጣውን ቁጥር እንዳለ አትመኑት። እድገቱ እኩል የሆኑ አማራጮች ሲኖሩ ለእኛ የሚመቸውን ይመርጣል፤ ባክቴሪያዋ ግን ያንን የመምረጥ ግዴታ የለባትም። በከፍተኛው እድገት 100% ላይ፣ ቀጥሎም 90% ላይ ዝቅተኛውን ላክቴት አስሉ። 100% ላይ ዜሮ ከሆነ ዲዛይኑ የለም። ከ20 በላይ ከወጣ ደግሞ ካርቦን ከሌላ ቦታ እየገባ ነው፤ ከአንድ ግሉኮስ ከሁለት ላክቴት በላይ አይገኝም።

ሌላው የሶልቨሩ ቀዳዳ ነው። የሪአክሽኑ ገደብ 1000፣ የሙሉ ቁጥር መቻቻሉ (0 ወይም 1 መሆን ያለበት ቁጥር እንዲዛነፍ ሶልቨሩ የሚፈቅደው መጠን) 0.00001 ከሆነ ‹‹ጠፋ›› በተባለው ሪአክሽን 0.01 ሊያልፍ ይችላል። ገደቡን ወደ 100 አውርዱ፤ የተገኘውንም ዲዛይን ሪአክሽኖቹን ዜሮ አድርጋችሁ በተራ ስሌት ድገሙት።

ትልቁን ሞዴል ስታስኬዱ የጊዜ ገደብ ስጡት፣ የተገኘው ዲዛይን ሁሉ ወዲያው ፋይል ላይ ይጻፍ። መብራት በሄደ ቁጥር ከዜሮ መጀመር አይገባም።