ሽምብራ የምታህል ነገር

መብራት ከመሸ ጀምሮ የለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ትንሿ ተኝታለች፣ እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ሆዴ ዝም ብሎ ባባ። ሻማ ፍለጋ ቁም ሳጥኑን ስከፍት እጄ የገባው ያ ትልቁ ነጭ ፖስታ ነው። የልጄ ጭንቅላት የኤምአርአይ ፊልም።

ሻማውን ተውኩት። ፊልሙን በስልኬ መብራት አየሁት። የት እንዳለች አሁን ሳልፈልግ አውቃታለሁ። መሃል ላይ፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ክብ ናት። 9 ሚሊ ሜትር። ዶክተሩ በእስክሪብቶው ሲነካት ያረፈችው ሰማያዊ ነጥብ ዛሬም አለች።

ራስ ምታት ብለን ሄደን ነው ይቺን ያገኘነው። አንጎል ውስጥ ፓይኒያል የምትባል እጢ አለች። ሲጨልም ሜላቶኒን የሚባል ሆርሞን አመንጭታ ሰውነታችንን ለእንቅልፍ የምታዘጋጀው እሷ ናት። የልጄ እጢ ላይ ውኃ የቋጠረች ከረጢት አለች። ዶክተሩ "ብዙ ሰው ሳያውቀው ይዞት ይኖራል፣ ራስ ምታቷም ከዚህ ላይሆን ይችላል፣ አይዞሽ" አለኝ። በዓመቱ ፊልሙ ይደገም፣ እስከዚያ መከታተል ነው አለ።

እልል ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እህቴ ከሜሪላንድ ደውላ "ታዲያ ለምን አያወጡላትም?" ስትለኝ ልቤ ከእሷ ጋር ነበር። አባቷም መኪናችንን ሸጠን ባንኮክ እንውሰዳት እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ልጅሽ ጭንቅላት ውስጥ የሆነ ነገር እንዳለ እያወቅሽ እንዴት እጅሽን አጣጥፈሽ ትቀመጫለሽ?

ዶክተሩ ጋ ተመልሼ ሄጄ ኦፕራሲዮኑ እንዴት እንደሚሠራ ጠየቅኩት። ወረቀት አውጥቶ ሳለልኝ። እጢዋ ያለችው ከአንጎል መሃል ስለሆነ አንዱ መንገድ ከማጅራት በላይ አጥንቱን ከፍቶ፣ በትንሹ አንጎልና ከላዩ በተዘረጋው ሽፋን መካከል ሾልኮ መግባት ነው። መንገዱን እ.ኤ.አ. በ1913 የጀመረው ፌዶር ክራውዘ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው፣ ያኔ እዚያ ለበቀለ ዕባጭ (ቲዩመር) ነበር። ዛሬ በማይክሮስኮፕ ይሠራል፣ ግን ትልልቆቹ ደም ሥሮች ያው እዚያው አጠገቧ ናቸው። አንዳንዴ በሽተኛው ተቀምጦ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሠራለት፣ እንዲህ ሲሆን ደግሞ አየር ወደ ደም ሥር እንዳይገባ ይፈራል።

አንገቱን ደፍቶ። ከዚያ በኋላ የተናገረውን በቅጡ አልሰማሁትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሹሩባ ስሠራት እግሬ መሃል ተቀምጣ አንገቷን የምትደፋው እንደዚያ ነው። ማበጠሪያው ሲይዛት "እማ ቀስ" ትላለች። ማጅራቷ ላይ ያለችውን ለስላሳ ፀጉር፣ ቅባት ስቀባት የምትሞቀኝን ቆዳ አሰብኩ። ለካ እስከዚያ ቀን "ይውጣላት" ስል የነበረው የት ጋ እንደሚከፈት ሳላስብ ነው።

ዶክተሩ ዝም ብሎ መጠበቅ የማይቻልበትን ጊዜም ነግሮኛል። ከረጢቷ አድጋ የአንጎል ውኃ የሚወርድበትን ጠባብ ቦይ ከዘጋች ውኃው ይጠራቀማል፣ ራስ ምታቱ ይብሳል፣ ማስመለስ ይመጣል፣ ዓይን ወደ ላይ ማየት ያቅተዋል። ያኔ ወይ ከፊት በትንሽ ቀዳዳ ኢንዶስኮፕ የሚሉትን ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ አስገብተው ለውኃው ሌላ መውጫ ይከፍቱለታል፣ ከረጢቷንም ያፈነዷታል፣ ወይ ከኋላ ገብተው ያወጧታል። "እንዲህ ከሆነ አንድ ቀንም አታሳድሪ" ብሎኛል።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት፣ ዩኒፎርሟን ሳለብሳት፣ ጣቴን ከግንባሯ በላይ አነሳለሁ። "ተከተዪኝ" እላታለሁ። ዓይኖቿ ወደ ላይ ይወጣሉ። ያኔ ነው እኔም የምተነፍሰው። እሷ ጨዋታ ይመስላታል፣ ትስቃለች።

ዛሬ ጠዋት ግን አልሳቀችም። ጣቴን በእጇ ያዝ አድርጋ "እማ፣ ሁልጊዜ ምንድን ነው የምታዪው?" አለችኝ። ሰርቪሱ ጥሩምባውን ነፋና ሮጠች። ነገም ትጠይቀኛለች። ሰባት ዓመቷ ነው። ምን ብዬ ልንገራት?