ፈተናው እንዲቀር ጸልዬ ነበር

የእግዚአብሔር ስም ይክበር። ይህን ምስክርነት ለመጻፍ ከአንድ ዓመት በላይ የዘገየሁት የማፍርበት ነገር ስላለበት ነው። የተመለሰልኝን ጸሎት ብቻ ተናግሬ አስቀድሜ የጸለይኩትን ብሸሽግ ግን ምስክርነቱ ጎዶሎ ይሆንብኛል። አስቀድሜ የጸለይኩት የዲግሪ መውጫ ፈተናው እንዲቀር ነበር።

የ10ኛ ክፍል ውጤቴ ለመሰናዶ ስላልበቃ በሂሳብ ሥራ እስከ ደረጃ 4 ተማርኩ፤ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና አልፌም በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ በአካውንቲንግና ፋይናንስ የማታ ዲግሪ ጀመርኩ። ቀን ቀን በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። ከሥራ ወጥቼ፣ የታክሲ ሰልፍ ይዤ፣ 11፡30 ለሚጀምረው ክፍለ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የምደርሰው ጨልሞ ነበር። ወርሃዊ ክፍያው ከደመወዜ ከግማሽ በላይ ስለሚወስድ የጎደለውን እናቴ ጉሊት ሽንኩርትና ቲማቲም ሸጣ ትሞላልኝ ነበር። ክፍያ ያላጠናቀቀ ተማሪ ፈተና አይገባም ነበርና፣ ለዓመታት ስጸልይ የኖርኩት ስለ ትምህርቱ ሳይሆን የገንዘብ ክፍሉ ማኅተም በወረቀቴ ላይ እንዲያርፍ ነው። ጌታም መለሰልኝ፤ በክፍያ ምክንያት አንድም ፈተና አላመለጠኝም።

ኮሌጁን ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው። ኮስት አካውንቲንግ ያስተማረን መምህር ቀን ሌላ ቦታ ሲሠራ ውሎ፣ ድካሙ ከፊቱ እየታየ፣ እያንዳንዱን ጥያቄ ሰሌዳው ላይ እስከ መጨረሻው ድረስ ይሠራልን ነበር። ሌሎቹ ግን ሃንድአውት ፎቶ ኮፒ ቤት ያስቀምጡና ፈተና ሲቀርብ የትኛውን ምዕራፍ ማንበብ እንዳለብን ይነግሩናል፤ እኛም የምንፈልገው እሱኑ ነበር። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲቋረጥ የቀሩንን ሁለት ኮርሶች በቴሌግራም በተላኩ ጽሑፎች ጨረስን። አሳይንመንት በገንዘብ ያሠራሁበት ጊዜም አለ፤ ይህን የምናገረው ማንም አስገድዶኝ አይደለም። በዚህ ሁሉ መካከል አማካይ ውጤቴ 3.4 ነበር። ሰው አይቶ ጎበዝ ሲለኝ ዝም እል ነበር።

ከዚያ የመውጫ ፈተናው መጣ። ቀድሞ የሕግ ተማሪዎች ይፈተኑት እንደነበር እንሰማ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም የመጀመሪያ ዲግሪ የሚማር ሁሉ ተፈትኖ ከ100 ቢያንስ 50 ካላመጣ ዲግሪውን እንደማይቀበል ተነገረን። ሦስት ቀን ጾሜ፣ ፈተናው እንዲሰረዝ ወይም ቢያንስ የግል ተማሪዎችን እንዳይመለከት ለመንኩ። በክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ «ሊራዘም ነው» የሚል ወሬ በወጣ ቁጥር መልሱ ደረሰ እያልኩ አመሰግን ነበር። አልተራዘመም። ሐምሌ 2015 በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ፣ የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል የተጻፈባትን ቁራጭ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ቀሪው ጊዜ ስክሪኑ ጥግ ላይ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ የኪራይ ውል አይኤፍአርኤስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ መሠረት እንዴት እንደሚመዘገብ ይጠይቅ ነበር። አገራችን ይህን የሪፖርት አቀራረብ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 ተቀብላለች፤ እኔ ያጠናሁት ሃንድአውት ግን ከዚያ በፊት የተዘጋጀ ስለነበር ጥያቄውን ደጋግሜ ባነበውም የማውቀው ነገር አላገኘሁበትም። ዘልዬው ሄድኩ፤ ቀጥሎ ሌላ ዘለልኩ። ውጤቴ 41 ሆነ።

በዚያ ዙር ከግል ተቋማት ከተፈተኑት ከ72 ሺህ በላይ ተማሪዎች ያለፉት 17.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር መጀመሪያ ተጽናናሁ፤ ብቻዬን አልነበርኩም። ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን ሸክሙ ከበደኝ፤ ከእንግዲህ ከግል ኮሌጅ ነው የተመረቅኩት ስል አሠሪ የሚያስበው ይህንኑ ቁጥር ነው ብዬ ፈራሁ። ጎረቤቶች «ምርቃቱ መቼ ነው?» ብለው ሲጠይቁ እናቴ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብላ ታልፋቸዋለች። እኔን አንድም ቀን አልጠየቀችኝም፤ ያ ደግሞ ይበልጥ ያመኝ ነበር።

ለሁለተኛው ዙር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ በቴሌግራም መልስ እሸጣለሁ የሚል ሰው አገኘሁ። የጠየቀው 3,000 ብር ነበር፤ 1,000 ብር ስለጎደለኝ እናቴን ጠየቅኋት። ከመቀነቷ ፈትታ እየቆጠረች «ለኮሌጁ ነው አይደል ልጄ?» አለችኝ። አዎን ማለት አቃተኝ። ብሩን መልሼ በእጇ አስያዝኳትና ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ሰውየው ምናልባት አጭበርባሪ ነበር፤ ይሁን እንጂ እኔ ነፃ የወጣሁት ከእሱ ሳይሆን ልገባበት ከነበረው ውሸት ነው ብዬ አምናለሁ። በዚያች ሌሊት ጸሎቴ ተለወጠ። ፈተናው ይቅር ማለቴን ተውኩና «ጌታ ሆይ፣ አልተማርኩም፤ አስተምረኝ» አልኩ። በአምስት ዓመት ውስጥ ይህን ጸልዬ አላውቅም ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ከአምልኮ በኋላ አንዲት የመዘምራን እኅት፣ በዚያው ሙያ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ኦዲተር ሆና የምትሠራ፣ ማንም ሳይነግራት «የመውጫ ፈተና ያልተሳካላችሁ ካላችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እናንብብ» ብላ አስታወቀች። አራት ሆነን ተሰበሰብን። የተሰጠን ክፍል የሕፃናት ሰንበት ትምህርት ቤት ክፍል ነበር፤ ግድግዳው ላይ የኖኅ መርከብ ተስሏል፣ ወንበሮቹ ደግሞ የአምስት ዓመት ልጅ የሚቀመጥባቸው ናቸው። ጉልበታችን አገጫችን ሊደርስ ምንም ሳይቀረው ተቀምጠን፣ በዚያ መከራችን እየሳቅን፣ ከአንደኛ ዓመት የሂሳብ መግቢያ ጀመርን። የእርጅና ቅናሽን ያስረዳችን የምንቀመጥበትን ወንበር አንሥታ ነው፤ ስንት ተገዛ፣ ስንት ዓመት ያገለግላል፣ ሲያረጅ ስንት ይሸጣል? በሃንድአውት ሦስት ጊዜ ያነበብኩት ነገር በዚያች ቀይ ወንበር ገባኝ። መምህርቷ ሳንቲም አልተቀበለችንም። የመደብሩ ሥራ አስኪያጅም ሳልጠይቀው፣ ሲመሽ የቢሮውን ኮምፒውተር እንድለማመድበት ፈቀደልኝ።

የካቲት 2016 ድጋሚ ተፈተንኩ። ስለ ደመወዝ ዝርዝር የመጣው ጥያቄ ላይ ስደርስ ፈገግ አልኩ፤ በመደብራችን በየወሩ መጨረሻ ሂሳብ ሠራተኛውን ሳግዝ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ እየቆጠርኩ ኖሬያለሁና። ውጤቱ ሲለቀቅ ሥራ ላይ ነበርኩ። ስልኬ ላይ 58 የሚለውን ካየሁ በኋላ የዕለቱን ገንዘብ ሦስት ጊዜ ቆጥሬ ሦስቱም ጊዜ የተለያየ ድምር አገኘሁ። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ቆጠረልኝ።

ዲግሪዬን ልወስድ ስሄድ ሬጅስትራሩ ክሊራንስ፣ ማለትም ዕዳ እንደሌለብኝ የሚያሳይ ማረጋገጫ፣ ጠየቀኝ። መዝገቡን አገላብጦ የሰኔ 2012 ክፍያ አልተመዘገበም፣ ደረሰኝ ካላመጣሽ ከነቅጣቱ ትከፍያለሽ አለኝ። እጄ ላይ ምንም አልነበረም። ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት ቃል ሳትመልስልኝ ከአልጋዋ ሥር የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አወጣች። ማንበብ አትችልም፤ ነገር ግን የኮሌጁ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ሁሉ፣ የመመዝገቢያውን ጭምር፣ በየዓመቱ በጨርቅ ክር አስራ አስቀምጣ ነበር። ከሁለተኛው እስር ሰኔን አገኘሁት፤ ጠርዙ ላይ የቲማቲም ነጠብጣብ ደርቆበታል።

በማግስቱ ሬጅስትራሩ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አቅርቦ አየው፣ ቁጥሩን ከመዝገቡ ጋር አመሳከረና «እዚህ ፈርሚ» አለኝ።