በማኪያቶ ሲሰላ

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ዝናቡ ካፊያ ሆኖ ቀርቷል፣ ሰማዩ ግን አልገለጠም። እኔም እንደዚያው ነኝ። አላመመኝም፣ ያኮረፍኩትም ሰው የለም። ዝም ብሎ ድብር ብሎኛል። እንዲህ ሲያደርገኝ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ የሌላ ሰው ችግር ማየት ያምረኛል። ፊልም ማለቴ ነው።

ስልኬን አውጥቼ ዛሬ ማታ ምን እንዳለ አየሁ። መግቢያ 250 ብር ይላል። ፊልሙ ምን እንደሆነ እንኳ ሳላነብ ዋጋው ላይ ተተክዬ ቀረሁ።

ልጆች ሆነን ሰፈራችን ያለው ቪዲዮ ቤት መግቢያው ሽልንግ ነበር። ለዘንድሮ ልጆች፣ ሽልንግ ማለት 50 ሳንቲም ነው። (ሳንቲም ምንድነው የምትሉ ወላጆቻችሁን ጠይቁ።) የቆርቆሮ ቤት ናት። መስኮቷ በጆንያ ተሸፍኗል። ውስጧ አግዳሚ ወንበሮች፣ የላብና የካልሲ ሽታ፣ ከፊት ደግሞ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ቴሌቪዥንና ዴክ። ደጇ ላይ በጠመኔ "ሁለት ካራቴ፣ አንድ ህንድ" ተብሎ ይጻፋል። በቃ። የፊልሙ ስም የለም፣ የተዋናዩም የለም። ማንስ ጠይቆ! ካራቴ ካራቴ ነው። ህንድም እንደሚያስለቅስ ይታወቃል። መብራት ሲጠፋ "ብራችንን መልስ!" ብለን እንጮሃለን። ባለቤቱ "መብራቱን እኔ ነኝ ያጠፋሁት?" ይላል። መልስ የለንም። ትንሽ አጉረምርመን እንበተናለን፣ በማግስቱ እንመለሳለን።

አያቶቻችን የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት "ሰይጣን ቤት" ነበር አሉ የሚሉት። ያቺን ቆርቆሮ ቤት ቢያዩ ምን ይሏት ነበር?

ከዚያ ወደ ትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች ተሻገርን። ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ አምፒር፣ አምባሳደር። በ1990ዎቹ መጨረሻ የአማርኛ ፊልም ሰልፍ ትዝ ይላችኋል አይደል? ከሰልፉ ብዛት የተነሳ ፊልም ሳያይ የሚመለስ ሰው ነበር። እኔና እሷ (ያኔ አብራኝ የነበረችው ልጅ) 10 ብር፣ 10 ብር ከፍለን ነበር የምንገባው። ሱፍ ኪሳችን ውስጥ ነው። ፊልሙ ሲያስጠላ ሱፉ አለ። ሱፉ ሲያልቅ እሷ አለች። እንዲያውም ጥሩ ፊልም ከመጣ ወሬያችንን ስለሚያቋርጥብን ብዙም ደስ አይለንም ነበር።

10 ብር! አሁን 250! አልኩና ራሴን በራሴ ማስቆጣት ጀመርኩ። ቁጣው እንዲደላኝ ብዬ ደግሞ በማኪያቶ ላሰላው አልኩ። ያኔ እኔ የምጠጣበት ቤት ማኪያቶ 2 ብር ነበር። ስለዚህ ፊልም መግባት አምስት ማኪያቶ ነው። ዛሬ ጠዋት የጠጣኋት 50 ብር ናት። 250 ሲካፈል ለ50…

አምስት።

እንደገና አካፈልኩት። አሁንም አምስት። ተናደድኩ። ሰው ሲያማርር መሀል ላይ ሂሳብ አይገባበትም።

ነገሩ ብሩ ነው እንጂ ትኬቱ አይደለም ማለት ነው። ለብዙ ዓመት አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። በ1985 አምስት ብር ገባ። ሐምሌ 2016 ደግሞ ዋጋው ለገበያ ተለቀቀና በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። የሲኒማው ፕሮጀክተር በዶላር ነው የሚመጣው፣ የማኪያቶው ማሽንም እንደዚያው። አብረው ወጡ። አብሯቸው ያልወጣው ደሞዜ ነው። እሱንም በማኪያቶ ላሰላው ጀምሬ ነበር። ውጤቱን ሳየው ቶሎ አጠፋሁት።

ደግሞ ትኬቱ ብቻውን አይመጣም። ሱፍ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ፈንዲሻ እዚያው ትገዛለህ። ፊልሙ ማታ አራት ሰዓት ገደማ ያልቃል፣ በዚያ ሰዓት ከዚያ እኛ ሰፈር ድረስ ራይድ ነው። ዝናብ ከጣለ ራይዱ ከትኬቱ ይበልጣል። ብቻህን ከሄድክ ያሳዝናል፣ ሰው ከጋበዝክ ሁሉም ነገር በሁለት ይባዛል። ስለዚህ ፊልም መግባት ዛሬ ውሳኔ ነው። ስለ ፊልሙ ታነባለህ፣ ያየውን ሰው ትጠይቃለህ፣ ማስታወቂያውን ደጋግመህ ታያለህ፣ "ያዋጣል ወይ?" ትላለህ። ያኔ እግር ጥሎን ነበር የምንገባው። ዝናብ ሲያባርረን፣ ክላስ ስንፎርፍ፣ ቀጠሮ ሲቀርብን። መጥፎ ፊልም ማየት መብታችን ነበር። እኔ እስካሁን አፌን ሞልቼ የማወራላቸው ፊልሞች አብዛኞቹ መጥፎዎች ናቸው። አሁን መጥፎ ፊልም የማየት አቅም የለኝም።

እዚህ ላይ ስደርስ ከቁጣው ወደ ትዝታው ገባሁና ታላቄ ጋ ደወልኩ። እሱ ያለበት አገር ጠዋት ነው፣ ገና ከእንቅልፉ መነሳቱ ነው። ሰላምታውን በአጭሩ ጨርሼ ጠየቅኩት።

"ያ ቪዲዮ ቤት ሽልንግ ነበር አይደል መግቢያው?"

"አዎ። ምነው?"

"ያኔ እኮ በሁለት ሽልንግ ሁለታችንም ካራቴ አይተን እንወጣ ነበር። አሁን…"

"የምን ሁለት ሽልንግ? አንተ መቼ ከፍለህ ታውቃለህ?"

"እንዴት አልከፍልም? ለበረኛው በእጄ ስሰጠው ትዝ ይለኛል እኮ!"

"የኔን ነው የምታቀብለው። አስቸገርከኛ፣ እኔ ልስጥ እያልክ። ጭን ላይ የሚቀመጥ ልጅ አይከፍልም ነበር። እግሬ እየደነዘዘ ሁለት ካራቴ ያየሁት በማን ነው?"

ሳቀብኝ። ከዚያ ቡናው ሊገነፍልበት ሆነና ዘጋው።

እንግዲህ ሂሳብ የምትችሉ ካላችሁ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከዜሮ ተነስቶ 250 የገባ ዋጋ ስንት በመቶ ጨመረ ይባላል?