ከአዳማ ወደ አዋሽ ፈንታሌ፦ የተቋረጠ መድኃኒት ፍለጋ

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የፈንታሌን አካባቢ ማናወጥ የጀመረው የመሬት መንቀጥቀጥ እኛም አዳማ ላይ ሆነን ይሰማን ነበር። ታኅሣሥ 26 ቀን ሌሊት ለአሥር ሰዓት ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ በሬክተር መለኪያ 5.8 ያህል የተመዘገበው ንዝረት ሲደርስ፣ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጎረቤቶቻችን ልጆቻቸውን በጋቢ ጠቅልለው ወደ ግቢ ወርደው እዚያው አነጉ። እኔ በአዳማ በነርስነት እሠራለሁ፤ ከጥምቀት በኋላ አንድ የበጎ ፈቃደኞች የሕክምና ቡድን ወደ አዋሽ ፈንታሌ እንደሚሄድ ስሰማ ፈቃድ ጠይቄ ተቀላቀልኩ።

ዕቃ ስናሰናዳ አብዛኞቻችን የምናስበው ስለ ስብራትና ስለ ቁስል ስለነበር ጀሶ፣ ፋሻና የመስፊያ ክር በብዛት ተሰብስቦ ነበር። በልዩ ልዩ የአደጋ ሥፍራዎች የሠሩት አስተባባሪያችን ግን ከካርቶኖቹ ገሚሱ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የአስምና የሚጥል በሽታ መድኃኒት እንዲሆን አጥብቀው አሳሰቡ፤ ከአዳማ ገበያም ትልልቅ የሸክላ ማሰሮዎች አስገዙን። የማሰሮዎቹ ጥቅም እዚያ ከደረስን በኋላ ነው የታየው።

መንገዱ ከአዳማ በወለንጪቲ አድርጎ የቦሰትን ተራራ ካለፈ በኋላ እየወረደ፣ አየሩም እየሞቀ ይሄዳል። መተሃራ አጠገብ ለአሥርት ዓመታት እየሰፋ የመጣው የበሰቃ ሐይቅ ከጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ዐለት ጋር ጎን ለጎን ተዘርግቷል፤ ከዚያ በስተጀርባ የፈንታሌ ተራራ ይታያል። ሕዝቡን ያፈናቀለው ነገር ከዚህ ተራራና በስተሰሜን ካለው ከዶፈን ተራራ መካከል ከመሬት ሥር ነበር፤ የሳተላይት ራዳር ልኬቶች እንዳሳዩት ቅልጥ ዐለት ወደ መሬት ቅርፊት ውስጥ እየገባ ይሰነጥቀው ነበር። ስለዚህም ንዝረቱ በአንድ ጊዜ ወርዶ የሚያበቃ ሳይሆን ለሳምንታት የሚመላለስ ሆነ፤ መንግሥትም በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች ከሚገኙ ቀበሌዎች 80 ሺሕ ያህል ሰዎችን ወደ ሌላ ሥፍራ ማዛወር መጀመሩን አስታወቀ።

መጠለያው ስንደርስ የተሰበረ ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ከቅርንጫፍና ከሰሌን የሚሠራው የአፋር አርብቶ አደር ጎጆ ቢወድቅ እንኳ ከባድ ጉዳት አያደርስም፤ ተሰንጥቀው የፈረሱት በብሎኬትና በጭቃ የተሠሩት ቤቶች ሲሆኑ፣ ነዋሪዎቻቸው ተደጋጋሚው ንዝረት አስጠንቅቋቸው አስቀድመው ወጥተው ነበር። «ብዙ ሰው ካልሞተና ካልተጎዳ ሐኪም ምን ይሠራል?» የሚለውን ጥያቄ ከመሄዳችን በፊትም ከተመለስን በኋላም ሰምቼዋለሁ። ለእኔ መልሱ ያለው ሕመምተኞቹ በድንኳኑ ደጃፍ በያዙት ሰልፍ ውስጥ ነው።

ከሰልፉ ፊት የነበሩት የስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ የሆኑ አንድ አዛውንት ነበሩ። «ሲስተር፣ መንቀጥቀጡስ እኔን አልነካኝም፤ መርፌዬ ግን ቤት ቀረ» አሉኝ። ሌሊት በችኮላ ሲወጡ ኢንሱሊናቸውን ትተው፣ ከዚያ በኋላ ከሰው በተዋሱት ጥቂት መድኃኒት ሲብቃቁ ቆይተዋል። ስንለካቸው የደማቸው ስኳር መሣሪያችን ሊያነበው ከሚችለው በላይ ነበር፤ አፋቸው ደርቆ አተነፋፈሳቸውም ፈጥኖ ስለነበር ግሉኮስ የሌለው የደም ሥር ፈሳሽና ኢንሱሊን ጀምረንላቸው በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ላክናቸው። ጋሼ በሕይወት የቆዩት በሰዓታት ልዩነት ነው ብዬ አምናለሁ፤ በአደጋው ጉዳተኞች መዝገብ ላይ ግን ስማቸው የሚጻፍበት ዐምድ አልነበረም።

ማሰሮዎቹን ሥራ ላይ ያዋልነው ለዚሁ ለኢንሱሊን ነው። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ ሲኖርበት፣ በሥራ ላይ ያለው ደግሞ ከ30 ዲግሪ በታች ለአራት ሳምንታት ያህል ይቆያል። በዚያ ቆላ፣ ሸራ ሥር፣ ቀትር ላይ 30 ዲግሪን ማለፍ ቀላል ነው። ስለዚህ አንዱን ማሰሮ በሌላው ውስጥ አስገብተን መካከሉን በአሸዋ ሞልተን፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ እያጠጣን በእርጥብ ጨርቅ ሸፈንነው። አየሩ ደረቅ በመሆኑ ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል፤ የፍሪጅን ያህል ባይሆንም ለሕመምተኛው ዕለታዊ መድኃኒት በቂ ነው። አንዲት የአካባቢው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይህንን አይታ በማግስቱ ለሦስት ቤተሰቦች ራሷ ሠርታ ሰጠች።

የሳንባ ነቀርሳ ታካሚዎችን ማግኘት ከሁሉ ይከብድ ነበር። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ለስድስት ወር ያለማቋረጥ የሚወሰድ ሲሆን፣ ከተቋረጠ በሽታው መድኃኒቱን ሊለምድ፣ በተጨናነቀ ድንኳን ውስጥም ወደ ሌሎች ሊተላለፍ ይችላል። ካርዳቸው ጤና ጣቢያ ቀርቷል፤ ራሳቸውም በየመጠለያው ተበትነዋል። እዚህ ላይ የረዳን ዳጉ ነው። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ የሚለዋወጡበት ይህ ሥርዓት ከማናቸውም የድምፅ ማጉያ ይበልጥ ፈጣን ነበር። አስተርጓሚያችን «የሳል መድኃኒት የጀመረና ያቋረጠ ሰው ካለ ይምጣ» የሚለውን መልእክት ጠዋት ለሽማግሌዎች ነገረልን፤ ከሰዓት በኋላ ከሩቅ ሠፈር በእግራቸው የመጡ ታካሚዎች ደጃፋችን ላይ ነበሩ።

ወባና የሕፃናት ተቅማጥም ነበሩ፤ እነዚህን በተለመደው መንገድ አከምን። ስለ ወባ መድኃኒቱ ስለ ኮአርተም አንድ ነገር ልጨምር። መድኃኒቱ በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ የሚወሰድ ሲሆን ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ሰውነት በይበልጥ ይቀበለዋል። ለአርብቶ አደር ቤተሰብ ወተት የዘወትር ምግብ ቢሆንም፣ ከብቶቹና ግመሎቹ ከወንዶቹ ጋር ግጦሽ ፍለጋ ርቀው ስለነበር እናቶች ለልጆቻቸው የሚሰጡት ወተት አልነበራቸውም። ከአዳማ የዱቄት ወተትና ለውዝ እንዲላክልን የጠየቅነው ለዚህ ነው። ውሃም እንዲሁ፤ በአስቸኳይ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ያስፈልጋል የሚለው ዓለም አቀፍ መለኪያ፣ ቦቴው በሚዘገይበት ቀን ሩቅ ነበር፤ እናቶች በሰልፍ ካስቀመጧቸው ቢጫ ጄሪካኖች ብዙዎቹ ባዷቸውን ይመለሱ ነበር።

ሥራ ላይ ሳለን መሬቱ ዝም አላለም። ቀለል ያለ ንዝረት ሲመጣ ቀድሞ የሚያሳየን ከድንኳኑ ምሰሶ ላይ የተንጠለጠለው የግሉኮስ ላስቲክ ነበር፤ ሲወዛወዝ ሁላችንም እጃችንን ከሕመምተኛው ላይ ሳናነሳ ቀና ብለን እናየዋለን። ሕፃናቱ ወዲያው ወደ ጨዋታቸው ሲመለሱ፣ ብዙ እናቶች ግን ሌሊት እንቅልፍ እንደራቃቸው፣ መኪና ሲያልፍ እንኳ ልባቸው እንደሚመታ ነገሩን። ለዚህ የሚሰጥ ክኒን አልያዝንም፤ ቁጭ ብለን አዳመጥናቸው። ይህ ሥራ ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚጠይቅ፣ ለእርሱም የሚመደበው ባለሙያ ከሁሉ የሚያንስ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ወደፊት በሚዋቀሩ ቡድኖች ውስጥ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲካተት እጠይቃለሁ።

ከመመለሳችን በፊት የዘወትር መድኃኒት የሚወስዱትን ሰዎች ስም፣ የመጠለያ ቦታቸውን፣ የመድኃኒቱን ዓይነትና የሚያልቅበትን ቀን በአንድ መዝገብ ጽፈን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ አስረከብን፤ ቅጂውንም አስተባባሪያችን ያዙት። የካቲት 7 ቀን ማታ በሬክተር መለኪያ 6.0 የተመዘገበው ንዝረት ሲደርስ ብዙዎቹ ገና በመጠለያ ነበሩ። በዚያ ሳምንት ከአዳማ የተነሣው ሁለተኛው ቡድን ካርቶኖቹን የሞላው ያንን መዝገብ ይዞ፣ መድኃኒታቸው ሊያልቅ ከተቃረበው ሰዎች ስም ጀምሮ ነው።