የክላውን ልምምዴ፣ 3ኛ ወር፦ ቀለሙን ለምን ቀነስኩት

ባለፈው ወር ስለ አወዳደቅ ልምምድ ጽፌላችሁ ነበር። በዚህ ወር ንባቡ አመዘነብኝ፤ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እየተቀመጥኩ የክላውንን (ፊቱን ተቀብቶ ሰው የሚያስቅ ተዋናይ) ታሪክ ሳነብ ከረምኩ። ምክንያት ነበረኝ። ፒያሳ አካባቢ አንድ ልደት ላይ ፊቴን ሙሉ በሙሉ ነጭ ተቀብቼ ብገባ፣ ሦስት ዓመት የሞላት ባለልደት እናቷ ጉያ ተወሽቃ አለቀሰች። እስካሁን ይከነክነኛል።

መልሱን ያገኘሁት ከጆሴፍ ግሪማልዲ ነው። በ1778 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ተወልዶ ከሕፃንነቱ መድረክ ላይ ያደገ ሰው ነው። ነጭ ፊት፣ ጉንጭ ላይ ቀይ ቀለም፦ ዛሬ ክላውን ሲባል ፊታችን ድቅን የሚለውን መልክ ያስለመደው እሱ ነው። ግን የት ነበር የሚሠራው? እንደ ድሩሪ ሌንና ኮቨንት ጋርደን ባሉ ግዙፍ ቲያትር ቤቶች፣ ኤሌክትሪክ ባልነበረበት ዘመን። ፊቱ ከኋላ ወንበር መታየት ነበረበት። እኔ ያንኑ ቀለም ይዤ ሳሎን ገባሁ፤ ልጅቷ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበረች!

በነገራችን ላይ መዝለሉና መውደቁ ግሪማልዲን ሰውነቱን ጨርሶታል። በ1828 ሕዝቡን ሲሰናበት የሠራው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። አወዳደቅ በፍራሽ እንለማመድ ስል የምጨቀጭቃችሁ ለዚህ ነው።

የንጉሥ አጫዋቾችን ታሪክ ሳነብ ደግሞ አዝማሪዎቻችን ትዝ አሉኝ፤ ሌላው የማይደፍረውን በሰምና ወርቅ ጌታው ፊት የሚናገሩት።

ከሁሉም ልቤን የነካው ግን ራፋኤል ነው፣ የመድረክ ስሙ ሾኮላ። ኩባ ውስጥ በባርነት ተወልዶ ፓሪስ ላይ ከእንግሊዛዊው ክላውን ፉቲት ጋር ዝነኛ ሆነ። በጨዋታቸው ነጭ ፊቱ ፉቲት አዛዥ፣ ጥቁሩ ራፋኤል ሁልጊዜ ተመቺ። ራፋኤል በ1917 በድህነት ሞተ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ጥንድ ጨዋታ ላይ አንድ ሰው ብቻ ሁሌ የሚመታበትን አሠራር መቀበል አልቻልኩም።

አሁን ቀይ አፍንጫ ብቻ ነው የማደርገው፣ እሱንም ልጆቹ እያዩኝ። ባለፈው ቅዳሜ አምባሳደር አካባቢ አንድ ልጅ ራሱ አጠለቀልኝ፤ የፈራ አልነበረም። ለሚቀጥለው ወር የጥንድ ጨዋታ አጋር እፈልጋለሁ። ጥፊውን በየተራ እንቀምሳለን።