2 ሜጋባይት ለመጻፍ አምስት ሳምንት

ደብረ ብርሃን ላይ ፎቶ ቤት አለኝ። የሠርግ ፎቶ ማንሣት ቀላል ነው፤ ከባዱ ማቆየቱ ነው። ሰው ከአራት ዓመት በኋላ መጥቶ «እናቴ ሙሽራዋን ስትመርቅ ያነሣሃት ነበረች፤ እሷን አትምልኝ» ሲል፣ እናትየው በመካከሉ ዐርፈው ከሆነ፣ «ዲስኩ ተበላሽቶ ጠፋ» የሚል መልስ ከአፍ አይወጣም። እኔ አንድ ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ሰውዬው አልተቆጣም፤ «ይሁን» ብሎ ወጣ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከአዲስ አበባ አንዲት ሁለት ሃርድ ዲስክ የምትይዝ የኔትወርክ ማከማቻ ሣጥን በሁለተኛ እጅ ገዛሁ። የጫማ ካርቶን ታክላለች። ውስጧ 1.2 ጊጋኸርዝ የማርቬል ኪርክውድ ፕሮሰሰር፣ 512 ሜጋባይት ራምና 16 ሜጋባይት ፍላሽ ሚሞሪ አለ። የረከሰችበት ምክንያት ቤት ከደረስኩ በኋላ ገባኝ። አምራቿ ሶፍትዌሯን ማደስ ትቷል፤ ፋይል የምታጋራውም ኤስኤምቢ 1 በሚባለው አሮጌ የፋይል ማጋሪያ ዘዴ ብቻ ነው። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ከ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ያንን አብሮ መጫን አቁሟል። ስለዚህ አዲሱ ኮምፒውተሬ ሣጥኗን አላውቅሽም አላት። ሻጩን ደውዬ ብጠይቀው «ኤስኤምቢ 1ን መልሰህ ክፈተው» አለኝ። በዚያው በ2017 እ.ኤ.አ. ግንቦት ላይ ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ያዳረሰው በዚያ በር ገብቶ ነው። በሩን ከምከፍት ሣጥኗን ላድስ አልኩና ዴቢያን 10 የተባለውን ነጻ የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና ልጭንባት ተነሣሁ።

መጫኑ ራሱ ብዙ ወሬ የለውም። ዲስኮቹን ሰካሁ፣ ጫኙን አስነሣሁ፣ ስክሪን ስለሌላት ከላፕቶፔ በኤስኤስኤች (በኔትወርክ ትእዛዝ መስጫ መንገድ) ገብቼ ጥያቄዎቹን መለስኩ፣ ዲስኩን ከፋፈልኩ። ሶፍትዌሩ ሲወርድ አደረ። ይህን ማንም ያደርገዋል።

ማንም ያልነገረኝ የመጨረሻውን እርምጃ ነው። በእንዲህ ዓይነት ሣጥን ላይ ከርነሉ (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) እንደ ኮምፒውተር ከዲስክ አይነሣም። ዩ-ቡት የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ከፍላሹ ላይ አንብባ ታስነሣዋለች። ጫኙም ሥራውን ሲጨርስ አዲሱን ከርነል እዚያ ይጽፋል፤ በእኔ ሣጥን ለእሱ የተመደበው ቦታ 2 ሜጋባይት ነው። ፍላሽ ላይ ለመጻፍ መጀመሪያ ያለውን መደምሰስ ግድ ነው። አሮጌው ከተደመሰሰበት ቅጽበት አዲሱ ተጽፎ እስኪያልቅ ድረስ ሣጥኗ ምንም የላትም። ጊዜው ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

አሁን ስለ ጎረቤቴ ልናገር። አጠገቤ ያሉት በያጅ ናቸው፤ የመስኮትና የበር ብረት ይሠራሉ። የግቢያችን ቆጣሪ አንድ ነው። ጋሼ ወፍራም ብረት ሲይዙ ብሬከሩ ይወድቃል፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ። ይህን አምስት ዓመት ሙሉ አውቀዋለሁ። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዩፒኤስም ነበረኝ፤ ከሣጥኗ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጧል። ኮምፒውተሩ፣ ማተሚያውና የስልኬ ቻርጀር ተሰክተውበታል። ሣጥኗን ግድግዳው ላይ ሰክቼ፣ ዩፒኤሱን ለስልክ ቻርጀር ሰጥቼ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ «ቀጥል» የሚለውን ተጫንኩ። ከግድግዳው ወዲያ ጠስ የሚል ድምፅ መጣ። መብራቱ ጠፋ።

ጋሼ ወዲያው በበሩ ብቅ ብለው «ልጄ፣ እኔ ነኝ፤ አሁን አነሣዋለሁ» አሉና ብሬከሩን አነሡት። ለእሳቸው ነገሩ አለቀ። የሣጥኗ መብራት ግን ቀይና አረንጓዴ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፤ ቀኑን ሙሉ እንደዚያው። በኔትወርኩ ላይ የለችም። አጥፍቼ አበራሁ፣ ገመድ ቀየርኩ፣ ኤሌክትሪኩን ነቅዬ አሳደርኩ። ያው ነው።

የአጫጫኑ መመሪያ ፍላሹን ከመንካትህ በፊት ቅጂውን አስቀምጥ ይላል። አስቀምጫለሁ! ግን የት? በሣጥኗ በራሷ ዲስክ ላይ። ያንን ዲስክ ደግሞ ጫኙ ሲከፋፍል እኔው ራሴ «አዎ» ብዬ አስደምስሼዋለሁ። ይህን ያስታወስኩት ማታ እራት ላይ ነው፤ ጉርሻው አልወርድ አለኝ።

ሳነብ ግን ተስፋ አገኘሁ። ዩ-ቡት የተቀመጠችው በሌላ የፍላሽ ክፍል ስለሆነ አልተነካችም። እሷን ለማነጋገር የሣጥኗ ሰሌዳ ላይ ካሉት አራት እሾሆች ጋር የሚገናኝ፣ ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚቀይር ገመድ ያስፈልጋል። ውጭ አገር ያለ የአክስቴ ልጅ በፖስታ ላከልኝ።

እዚህ ላይ ነው እስከ ዛሬ ደሜ የሚፈላው። ዕቃው አዲስ አበባ ደረሰ ተባልኩና 130 ኪሎ ሜትር ሄድኩ። ሠራተኛው ፖስታውን ቀዶ የጣት ቁመት ያላትን የገመዱን ሰሌዳ አወጣና አገላብጦ አያት። «ምንድን ነው?» አለ። ኮምፒውተርን ከሣጥን ጋር የሚያገናኝ ነው አልኩት። ሞኝ ነኝ። «የሚያገናኝ ከሆነ የመገናኛ መሣሪያ ነው፤ ፈቃድ አምጣ» አለኝ። ፈቃድ ይሰጣል ወደተባለው መሥሪያ ቤት ስሄድ ደግሞ «ይህ እኛን አይመለከትም» አሉኝ። እንግዲያውስ እንደማይመለከታችሁ በደብዳቤ ግለጹልኝ ብላቸው «የማይመለከተን ነገር ላይ ደብዳቤ አንጽፍም» የሚል መልስ ሰጡ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በሦስተኛው ጉዞ ያ ሠራተኛ ፈቃድ ላይ ነበር፤ የእሱን ፈቃድ ግን ማንም ደብዳቤ አልጠየቀውም።

አራተኛው ሳምንት ላይ የስልኬን መስታወት ላስቀይር ከፎቶ ቤቴ ሁለት መቶ እርምጃ ወደማትርቅ የሞባይል ጥገና ገባሁ። ልጁ ሲሠራ ብሶቴን ነገርኩት። ቀና ሳይል መሳቢያውን ሳበና ያችኑ ሰሌዳ ጠረጴዛው ላይ አኖራት። ሦስት ነበሩት። 250 ብር ተቀበለኝ። ልወጣ ስል ጠራኝ፤ «ጋሼ፣ ይቺ 5 ቮልት ላይ ናት፤ ወደ 3.3 ሳይቀይሯት እንዳይሰኩ» አለና የምትነቀለውን ትንሽ ማገናኛ በጥፍሩ አንሥቶ አዛወረልኝ። እኔ ሳነብ ከርሜ ይህን ዘልዬዋለሁ። ልጁ ባይጠራኝ ኖሮ ይህ ጽሑፍ እዚህ ጋ ያበቃ ነበር።

ሌሊት ጀመርኩ። ከአራቱ እሾሆች ሦስቱ ብቻ ያስፈልጋሉ፦ መሬት፣ ላኪና ተቀባይ። የኤሌክትሪኩን አትንኩ፤ ሣጥኗ የራሷ አላት። መጀመሪያ ላኪን ከላኪ አገናኘሁና ምንም አልመጣም፤ የአንዱ ላኪ ወደ ሌላው ተቀባይ መግባት አለበት። ሳስተካክለው የማይነበብ ፊደል ጎረፈ፤ ፍጥነቱን 9600 ላይ ትቼው ነበር። 115200 ሳደርገው ጥርት ያለ ጽሑፍ ወጣ። ዩ-ቡት ናት። ከርነሉን ልታነሣ ትሞክርና የመረጃው ድምር አልገጠመም ብላ ታቆማለች። ሳምንታት ሙሉ ስትጮኽ የኖረችው ይህን ነበር፤ የሚሰማት አልነበረም እንጂ።

ከዚያ በቲኤፍቲፒ (ፋይል በኔትወርክ ማስተላለፊያ ቀላል መንገድ) ከርነሉን ከላፕቶፔ ወደ ራሟ እንድትስብ አዘዝኳት። ስክሪኑ ላይ ቲ የምትባለው የላቲን ፊደል ብቅ አለች። ቆይታ ሌላ፣ ቆይታ ሌላ። ተራ የያዙ የመብራት ምሰሶዎች ይመስላሉ። ዩ-ቡት ጠብቃ መልስ ባጣች ቁጥር አንድ ምሰሶ ትተክላለች። ገመድ ቀየርኩ፣ የአይፒ አድራሻ ቀየርኩ፣ የፋይል ስም አሳጠርኩ። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ከደብረ ብርሃን ጣርማ በር የሚደርስ ምሰሶ ተተከለ። ጥፋቱ የላፕቶፔ ፋየርዎል ነበር፤ ቲኤፍቲፒ የሚመጣበትን የዩዲፒ በር 69ን ዘግቶታል። ስከፍተው በምሰሶዎቹ ፋንታ የመስኮት ፍርግርግ የሚመስለው ምልክት ተከታትሎ መሰለፍ ጀመረ። ጎረቤቴ የሚበይዱት ዓይነት ፍርግርግ። አንዷ ፍርግርግ ብዙ ፓኬት በሰላም ደረሰ ማለት ናት። ብቻዬን ጮኽኩ።

ሣጥኗ ከራም ላይ ተነሥታ ዲስኩ ላይ የተጫነውን ዴቢያን አገኘችው። ፍላሹ ላይ ያለው ከርነል ግን ገና ጎዶሎ ነው፤ ያችን ሁለት ደቂቃ እንደገና ማለፍ አለብኝ። በዚህ ጊዜ እሑድን ጠበቅኩ፤ ብየዳ ቤቱ ዝግ ነው። እሱም አላሳመነኝም። ዩፒኤሱ እንኳን አላሳመነኝም፤ ባትሪው አርጅቷል። ሣጥኗ የምትሠራው በ12 ቮልት ስለሆነ የአማቼን መኪና ባትሪ አስወልቄ፣ በመካከሉ ፊውዝ አስገብቼ፣ በቀጥታ ከእሱ አስነሣኋት። የሣጥኗ መመሪያ ከራሷ አስማሚ በቀር አትጠቀም ይላል። እኔ ተጠቅሜያለሁ፤ ለሁለት ደቂቃ ጽሑፍ ከመኪና ባትሪ የታመነ ኤሌክትሪክ እኛ ሰፈር የለም። ሞተር በሚሠራ መኪና ላይ ግን አታድርጉት፤ ያኔ ቮልቱ ወደ 14 ይጠጋል። ከርነሉን እንደገና በራም አስነሥቼ ጻፍኩት። ተጠናቀቀ የሚለውን ካየሁ በኋላ እንኳን ለጥቂት ደቂቃ እጄን አላነሣሁም።

ለሚከተለኝ ሰው የምለው ይኸው ነው። የሲሪያል ገመዱን ሣጥኑን ከመክፈትህ በፊት ግዛ፤ ከውጭ አታስመጣ፣ የሞባይል ጥገና ቤቶችን ጠይቅ። የፍላሹን ቅጂ በፍላሽ ዲስክ ላይ ገልብጠህ መሳቢያ ውስጥ ቆልፍበት። አዲስ ከርነልን መጀመሪያ ከራም አስነሥተህ ሞክር፤ ያልሞከርከውን አትጻፍ። ከተሳካልህ በኋላ ደግሞ ከርነሉ ራሱን በራሱ እንዳይታደስ እሰረው። የዴቢያን ሰዎች ይህን ቢሰሙ አይወዱትም፤ የደኅንነት ማሻሻያ ይቀርብሃል ይላሉ፣ እውነታቸውንም ነው። የእኔ ሣጥን ግን ከኢንተርኔት ወደ ውስጥ የሚያስገባ በር የላትም፤ ከርነል በታደሰ ቁጥር ፍላሹ ይደመሰሳልና ከጠላፊው ይልቅ ብሬከሩን እፈራለሁ። ሌላውን ሶፍትዌር ሁሉ ማሻሻያ እስከወጣለት ድረስ አድሻለሁ።

ሬይድ 1 አድርግ፣ ማለትም ሁለቱ ዲስኮች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይያዙ፣ ያሉኝም ብዙ ናቸው። አላደረግሁም። ረዳቴ በስሕተት የሰረዘውን ሠርግ ሬይድ ከሁለቱም ዲስክ በአንድ ጊዜ ይሰርዘዋል። በምትኩ በየሌሊቱ አርሲንክ የተባለ የመገልበጫ ፕሮግራም አንዱን ዲስክ ወደ ሌላው ይገለብጣል፤ የተሰረዘውንም ለሠላሳ ቀን ወደ ጎን ያስቀምጣል። ሁለት ጊዜ አድኖኛል።

መሐል ሜዳ ያለ የሙያ ጓደኛዬ የእኔን አይቶ እንዲህ ያለ ሣጥን ልግዛ ሲል ከለከልኩት። የሃርድ ዲስክ አንባቢ ራስ ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነው፤ ለዚህም ነው ብዙዎቹ ዲስኮች እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ድረስ ብቻ እንዲሠሩ የተወሰነላቸው። ደብረ ብርሃን ከዚያ በታች ናት፣ መሐል ሜዳ ግን ታልፈዋለች። የሚሽከረከር ሳህን የሌለውን ኤስኤስዲ ግዛ አልኩት። ሣጥኗም ቢሆን ዛሬ አትመከርም፤ በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው ዴቢያን 13 ለዚህ ዓይነት አሮጌ ፕሮሰሰር ጫኝ የለውም።

የእኔዋ እስከ አሁን ከባንኮኒው ሥር ትሠራለች፤ በአዲስ ባትሪ፣ በዩፒኤስ ላይ። ጋሼ ወፍራም ብረት ከመያዛቸው በፊት ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ይመታሉ። አያስፈልግም ብላቸውም አልተዉትም።

ያ በፖስታ የመጣው ገመድ? ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ተደወለልኝ። ዕቃህ ተፈቅዷል፣ መጥተህ የመጋዘን ኪራዩን ከፍለህ ውሰድ አሉኝ። ሒሳቡን ጠየቅኳቸው፤ ልጁ በመሳቢያው የቀሩትን ሁለቱን ገዝቼ ትራፊ ይተርፈኝ ነበር።